ጾሙን ያልነበረ ጠመንጃ

ባሌን የሰፈሩ ሰው «ሐኪም» ነበር የሚለው። ሰው አክሞ ግን አያውቅም፤ እኔን ጉንፋን ሲይዘኝ እንኳ «ትኩስ ነገር ጠጪ» ብሎኝ ወደ ሥራው ይመለሳል። የሚያክመው ያረጀ ጠመንጃ ነው። ጣሪያ ሥር ተረስቶ የዛገው፣ ጉድጓድ ውስጥ የተገኘው፣ ቁርጥራጭ ብረት ሰብሳቢ ያመጣው፣ ሰደፉን ምስጥ የበላው፣ ሁሉም መጨረሻው እኛ ቤት ነበር። በመንገድ በኩል ያለውን ክፍል ሱቅ አደረገው፤ ሱቁ ሲጠበው ሳሎኔን ወሰደብኝ። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ከሶፋው ላይ ጠመንጃ አነሳለሁ፣ ከዚያ ነው «ቁጭ በሉ» የምለው።

እውነቱን ለመናገር እቀናባቸው ነበር። «ከነሱ አንዱን ብታገባ ይሻልህ ነበር» እለዋለሁ። «እነሱማ አይጨቀጭቁም» ይለኛል፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ሲሠራ ግን አይቼ አልጠግበውም። ሌላው ጠጋኝ ዝገት ሲያይ ይፈገፍገዋል፣ ይቀባዋል፣ አዲስ አስመስሎ ያስረክባል። የኔው ሰውዬ ዘይት ቀብቶ ይጠብቃል፤ ደግሞ ቀብቶ ይጠብቃል፤ ከዚያ በአጥንት ቁራጭ ቀስ አድርጎ ይፍቃል። የጎደለ ብሎን ቢኖር በዚያው በጥንቱ አሠራር በሞረድ ቀርጾ ያወጣዋል እንጂ ከገበያ የተገዛ አያስገባም። ሰደፉ ላይ የባለቤቱ ጉንጭ ሲያርፍበት ኖሮ የለሰለሰ ቦታ ካለ ደግሞ ማንም አይነካውም። አንድ ደንበኛ «እሷንም በብርጭቆ ወረቀት ምታልኝ» ቢለው፣ «የአያትህን ጉንጭ ምታልኝ ነው የምትለኝ?» አለው። ሰውዬው አፈረ።

ጥይት የገባበት ጠመንጃ «ጎርሷል» ይባላል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ባዶውን «ጾሙን ነው» ያለው ግን ባሌ ነው። በኛ ቤት ጠመንጃ የሚያቀብል ሰው «ጾሙን ነው» ይላል፤ የሚቀበለው አያምነውም። ከፍቶ፣ በዓይኑ አይቶ፣ በትንሿ ጣቱ ዳስሶ «አዎ፣ ጾሙን ነው» ብሎ ይመልሳል። ሳያይ የመለሰ ሰው፣ ፖሊስም ይሁን ዘመድ፣ ከሱቁ ይባረራል። አማቻችን፣ የልጄ ባል፣ ሹፌር ነው። ገና ባገባት ሰሞን ሳያይ «አዎ» ብሎ ተባርሮ፣ ያስታረቀቻቸው ልጄ ናት፣ እያለቀሰች። ከዚያ ወዲህ እንደሱ አጥብቆ የሚያይ አልነበረም።

ከዚያ ባሌ መርሳት ጀመረ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሲፈልግ እንስቅ ነበር። ልጁን በእህቱ ስም ሲጠራትም ሳቅን። ምድጃ ላይ ሰም ጥዶ ረስቶት መጋረጃው ሲያያዝ ግን ማንም አልሳቀም። ሥራህን ተው ብዬ ባስቆመው ተቀምጦ ይሞትብኛል፤ ዝም ብዬ ብተወው ደግሞ አንድ ቀን ሰው ይገድልብኛል። ይህን እያወጣሁ እያወረድኩ እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ የሸሚዝ ቁልፍ እተክላለሁ። አማቻችን ሊጠይቀን መጣ። ባሌ ደስ ብሎት፣ ያን ሰሞን የጨረሰውን ረጅም ጠመንጃ ከጠረጴዛው አነሳ።

«ያዘው እስቲ! እንዴት አምሯል? ጾሙን ነው» አለው።

አማቻችን ተቀብሎ ከፈተው። ፊቱ ተለዋወጠ። እጁ ፈጠን ብሎ አንድ ነገር አወጣና ኪሱ ከተተ። «አዎ አባባ፣ ጾሙን ነው» አለ። ባሌ ስለ እንጨቱ ማውራት ጀምሮ ስለነበር ልብ አላለውም።

ስሸኘው በሩ ላይ ያዝኩት። «አውጣው» አልኩት።

«ምኑን፣ እማማ?»

«ኪስህ ያለውን። አይቼሃለሁ።»

ጥይቱን መዳፌ ላይ አኖረው። «አባባን እንዴት ደፍሬ፣ በምን አፌ?» አለኝ፣ እንባው ሊመጣ እየታገለው። ይሉኝታ ይዞት ነው። የተማረውን አደረገ፣ ከፍቶ አየ፤ ካየ በኋላ ግን የአማቱን ክብር ለመጠበቅ ዋሸ። ልቆጣው አልቻልኩም፤ ዝም ማለት እኔንም ከጅሎኝ ነበርና። ግን ሌላ ቀን የሚቀበለው ሰው ሳያይ «አዎ» ቢልስ?

ተመልሼ ጥይቱን ባሌ ፊት አስቀመጥኩት።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«አሁን ካቀበልከው ጠመንጃ።»

«ውሸት! አረጀ ብላችሁ ልታስቀምጡኝ ነው። ተመካክራችሁ ነው!» ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። በትዳራችን እንደዚያ ጮኾብኝ አያውቅም። ሲበርድለት ጥይቱን አንስቶ በጣቶቹ አገላበጠው።

«ጠዋት ጥይቱ ልኩ መሆኑን ስሞክር…» አለና አቋረጠ። ራሱ ነበር ያጎረሰው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«አፈሙዙ ወዴት ዞሮ ነበር?»

«ወደ መስኮቱ።»

«አንቺ የት ነበርሽ?»

«መስኮቱ ሥር።»

ሽርጡን ፈታ፤ አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

በነጋታው አማቻችንን አስጠራው። «ሁለተኛ ለኔ ክብር ብለህ እንዳትዋሸኝ» አለው። «አሁን ናና እርዳኝ።» ከግድግዳው ላይ የራሱን ጠመንጃዎች አንድ በአንድ እያወረዱ፣ ጥይት የምትመታውን ትንሿን ብረት ከየሆዳቸው አወጡ። ለአንዲት ብሎን ወር ሙሉ የሚጨነቅ ሰው! እነዚያ ብረቶች ዳግመኛ አይገኙም፤ የጠመንጃዎቹን ልብ ነው ያወጣው። ያወጣቸውን ብረቶች ሁሉ ለብረት አቅላጭ ሰጣቸው።

«ሱቁን መቆለፍ አይበቃም?» አልኩት።

«መቆለፌን ረስቼ ብከፍተውስ?» አለኝ። «እጄ ይህን ሥራ አይረሳም። የሚረሳው ጭንቅላቴ ነው።»

ሥራ ቢያቆም ይሞትብኛል ያልኩት ሰውዬ አልሞተም። ወንበሩን ከኔ ጎን አምጥቶ ቁልፍ መትከል ያዘ፤ የሌላ ሸሚዝ ቁልፍ ካቀረብኩለትም «ይሄ የሱ አይደለም» ብሎ ይመልስልኝ ነበር። በኋላ የጠመንጃዎቹን ታሪክ ረሳ፤ ከዚያ የኔንም ስም። አምና አልጋው ላይ፣ እጁ እጄ ውስጥ ሆኖ አረፈ። በዚያ ሁሉ ዘመን ከሱቃችን በወጣ ጥይት የተጎዳ ሰው የለም።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሙዚየም ባለሙያ ጠመንጃዎቹን ሊያይ መጣ። አንዱን አንስቶ ሰደፉን ዳሰሰ፤ ብሎኑን ወደ ብርሃን ጠጋ አድርጎ አየና በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ከፈተው። ሌላውን አነሳ፤ ከፈተው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ፊቱ ጠቆረ።

«እማማ፣ እንዲህ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም» አለኝ። «ግን እነዚህን ማን ነው ያበላሻቸው? የልባቸውን ብረት አውጥቶ?»

«ያው እጅ ነው» አልኩት።

«ለምን?»

«ለኔ ሲል» አልኩት።