በመሳቢያ የታሰረው መጽሐፍ

ፀሐይ ከማረሚያ ቤቱ አጥር ጀርባ ስታዘቀዝቅ፣ የፖስታ ፈታሹ አስር አለቃ ገረመው መሳቢያውን ከፍቶ ያንኑ መጽሐፍ ዳግመኛ አየው። ስለ ንብ እርባታ የተጻፈ ነው። የታራሚው የመኩሪያ እኅት በፖስታ ከላከችው ሰባት ወር አልፏል። በየገጹ ጠርዝ ሟች አባታቸው በእርሳስ ጽፈውበታል፤ ጥፋቱም ይኸው ነበር። በማረሚያ ቤቱ ፖስታ ክፍል መጽሐፍ የሚያሳልፈው መስኮት «የእጅ ጽሑፍ ስላለበት ደብዳቤ ነው» አለ። ደብዳቤ የሚያሳልፈው መስኮት ደግሞ «የታተመ ስለሆነ መጽሐፍ ነው» ብሎ መለሰው። ገረመውም የሚያደርገውን ቢያጣ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት።

ያን ቀን ጠዋት መኩሪያ እንደ ወትሮው መጥቶ፣ «አለቃ፣ የእኔ ፍርድ አምስት ዓመት ነው። መጽሐፌስ ስንት ተፈረደበት?» ሲል ለፖስታ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። መኩሪያ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባቴን ሳልቀብረው ቀረሁ። ከእሱ የቀረኝ ያ ጽሑፍ ብቻ ነው» አለው።

ይህ ቃል ገረመውን ሲከነክነው ዋለ። ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ እንዳስደገፈ እንቅልፍ ወሰደው።

በሕልሙ የቆዳ ቦርሳ ያነገተች ረጅም ፖስተኛ ከፊቱ ቆማ፣ «ተነሥ፣ መንገዱ ሩቅ አይደለም» አለችው። የደረሱበት አገርም እስር ቤት ነበረው፤ ግንቡም በሩም ገረመው ከሚሠራበት አይለይም። ግቢው ግን በንባብ ድምፅ ተሞልቶ ነበር። አንዱ ታራሚ የሕግ መጽሐፍ ዘርግቶ ከጠባቂው ጋር ይሟገታል፤ ጠባቂውም «ቆይ እስቲ፣ ያቺን አንቀጽ ድገማት» ይለዋል። ሌላው ስለ ምግቡ መበላሸት የጻፈውን አቤቱታ የራሱን ስም ጠርቶ በአለቆቹ ፊት ያነባል፤ ማንም አያቋርጠውም።

«እዚህ የሚከለከል መጽሐፍ የለም ማለት ነው?» ሲል ጠየቃት።

«አለ እንጂ። ከልካዩ ግን መጀመሪያ ራሱ ያነበዋል። ከዚያ ምክንያቱን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ለታራሚው በእጁ ይሰጠዋል። ታራሚው መልስ ይጽፋል፤ ሁለቱንም ዳኛ ያያቸዋል።»

«ሁሉንም ማንበብ! መቼ ተዳርሶ?»

«ካልተዳረሰማ መጽሐፉ ይለፍ!» ብላ ሳቀችበት።

ገረመው እንዲህ ባለ ቦታ ሠርቶ ማርጀትን አጥብቆ ተመኘ። ወዲያው ጥግ ላይ መኩሪያን አየው። ሁለት መዳፎቹን እንደ ተገለጠ መጽሐፍ ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል፤ ምንም አልያዘም።

«እሱ ለምን ባዶ እጁን ተቀመጠ?»

«የእሱ እዚህ አልደረሰም» አለች ፖስተኛዋ። «ያለበትን አንተ ታውቃለህ።»

ሲነቃ ገና አልጨለመም። ወረቀት ስቦ «የተከለከለበት ምክንያት» ብሎ ጻፈ፤ መጽሐፉንም ገልጦ ማንበብ ጀመረ። ከዚያ በላይ የሚጽፈው አላገኘም። ወረቀቱን ቀደደና መጽሐፉን ይዞ ወደ ግቢው ወጣ።

መኩሪያ ሲቀበለው አላመሰገነም፤ ቶሎ ቶሎ ገለጠና የአባቱን ጽሕፈት አግኝቶ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ልጄ፣ ቀፎውን ከመክፈትህ በፊት ተናገር። ንቦቹ ድምፅህን ይልመዱት።»

ገረመው እስኪጨርስ ቆሞ ሰማው። ከዚያም ባልደረቦቹ መስኮታቸውን ዘግተው ሳይወጡ በሕልሙ ያየውን ሊነግራቸው ተቻኮለ።