ሳይቆረጥ የለበስነው ሸማ

የልጅ ልጄን ሂባን ሞተች ብዬ የጮኽሁት ሐሙስ ዕለት ነው፤ ዙህር ሰግጄ እንደጨረስኩ። ወላሂ፣ ዓይኔ ያየውን ያየ ሰው ሁሉ ይጮህ ነበር።

ሂባ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቆቦ ላይ ከመናኸሪያው ጀርባ ቤት ተከራይታ ትሠራለች። ዘካሪያስ ሸማኔ ነው፣ ሳምራዊት ልብስ ትነድፋለች፣ ሂባ ትጠልፋለች። በሩ ላይ «የሽመና፣ የልብስ ንድፍና የጽሞና ቤት» ብለው ጽፈው ለጥፈዋል። ሽመናውም ንድፉም ገባኝ። ጽሞና የምትለዋ ግን አልገባችኝም። ለዝምታ ደግሞ ቤት ይከራዩለታል? ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ዝም ማለት አቅቶት ነው? ስጠይቃት «እምዬ፣ ሐሳብ ማሳረፊያ ነው፤ አብሽሪ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ አብሽሪ ሲሉኝ ነው የሚብስብኝ።

ያም ሆኖ አልከለከልኳትም። ወንድሟ ሙህሲን በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ከሄደ ሦስት ዓመት አልፎታል። ከባሕሩ ዳር አንዴ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። የእሷም እኩዮች አንድ በአንድ በዚያው መንገድ እየወጡ ነው። ሥራ ይዛ እዚሁ ዓይኔ ሥር ከዋለችልኝ ዝምታም ትከራይ፣ ነፋስም ትከራይ ብዬ ተውኩት።

ሐሙስ ምሳ ሳትበላ ወጥታ ነበርና የማሽላ ቂጣ በሳህን ሸፍኜ ይዤላት ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። አንኳኳሁ፤ መልስ የለም። ገፋ አድርጌ ባይ፣ ሴቶቹ በአንዱ ግድግዳ ሥር፣ ዘካሪያስ በማዶው፣ ምንጣፍ ላይ ተጋድመዋል። ከራስ እስከ እግር አዲስ ነጭ ሸማ ተደርጎባቸዋል። አንዳቸውም አይነቃነቁም። ከሸማው ጫፍ ያመለጠች አንዲት እግር ትታያለች። የሂባ እግር ናት፤ ለዒድ የተቀባችው ሂና ገና አልለቀቀም።

በጦርነቱ ጊዜ ሰው እንዲህ ተጋድሞ አይቻለሁ። እሱን አላወራውም። ሳህኑ ከእጄ መቼ እንደወደቀም አላውቅ።

«ኡኡ! ልጆቹ አለቁ! ሂባዬ! ኡኡ!»

እኛ ሰፈር የለቅሶ ጩኸት ተሰምቶ ማን ይቀመጣል? ባጃጅ ነጂዎቹ ባጃጃቸውን ጥለው መጡ። ከጎን ቤት ያለችው ራቢዓ ጉፍታዋን ራሷ ላይ ሳታስር በእጇ እንደያዘች፣ አከራዩ አቶ ጋሹ በባዶ እግሩ መጣ። ራቢዓ ደረቷን እየመታች ሂባ ላይ ልትደፋ ጎንበስ ስትል እጇ ነካት መሰለኝ፣ ሸማው ተነሣ። ሂባ ከነሸማዋ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ሳምራዊት ተከተለች። ማዶ ደግሞ ዘካሪያስ።

ራቢዓ መሬት ላይ ተዘረረች። ወንዶቹ ሁሉም ባንዴ ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ተጣበቁ። አንዱ ባጃጅ ነጂ በመስኮት ዘለለ።

ለካስ የመናኸሪያው ጡሩምባ እንዳይረብሻቸው ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቀው ኖሯል።

«ምንድን ነው? ማን ሞተ?» አለች ሂባ ጥጡን እየመዘዘች።

«አንቺ!» አላት ያ ባጃጅ ነጂ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ። «አንቺ ነሽ የሞትሽው! ቀባሪውን ጠርተን አሁን ምን ልንለው ነው?»

ዘካሪያስ ፊቱ ሸማውን መስሎ አስረዳን። አዲስ የተሸመነውን ሸማ ከመቁረጣቸው በፊት ለብሰውት ይጋደማሉ። ግማሽ ሰዓት ዝም ብለው ክብደቱንና ሙቀቱን በገላቸው ያዳምጣሉ። ሳምራዊት መቀስ የምታነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ሸማ ይለበሳል እንጂ ይደመጣል?» አለ አቶ ጋሹ።

«አባባ፣ የእኛ አሠራር ነው» አለች ሳምራዊት።

«በቁም ተገንዞ መተኛት አሠራር? ሞት ነው የምትጠሩብኝ! እስከ ቅዳሜ ቤቴን ልቀቁ።»

የጮኽሁት እኔ፣ የሚባረሩት እነሱ። በማግሥቱ ወሬው ጎረቤት ከተማ ሮቢት ድረስ ደረሰ። ጂን ገባባቸው ያለ አለ፣ ሞተው ተነሡ ያለም አለ። ሂባ ቤት መጥታ ጥግ ያዘች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኳን እየነካካች ዝም። ሙህሲንም ሊሄድ ሰሞን እንዲሁ ነበር ዝም ያለው።

እናቴ የምትለው ነገር ነበር፤ በሕይወት ባለ ሰው ላይ የለቅሶ ጩኸት ከወጣ፣ የጮኸው አፍ የሰሙትን ሁሉ ሰብስቦ ካልመለሰው፣ ጩኸቱ በተጮኸለት ሰው ላይ ያድራል። ቅዳሜ በጠዋት ይህንኑ ለራቢዓ ነገርኳት።

«እኔንማ መሬት አስመሽኛል፣ ሌላውንም ልታስሚ ነው?» አለችኝ። ግን አብራኝ ቤት ለቤት ዞረች። ሐሙስ የሮጠው ሁሉ ሦስቱ ልጆች ዕቃቸውን ወደሚሸክፉበት የሽመና ቤት መጣ። አቶ ጋሹም ቁልፉን ሊቀበል መጣ።

«ጩኸቱ የእኔ ነው፣ ጥፋቱም የእኔ» አልኩ ሰዉ ፊት ቆሜ። «ይህ ነገር ሞት የሚጠራ ከሆነ ከልጆቹ በፊት እኔን ይጥራኝ። ግማሽ ሰዓት እጋደማለሁ። በሰላም ከተነሣሁ ቤቱን ተውላቸው።»

«እትዬ ራህመት፣ ነገር አታክርሪ» አለ አቶ ጋሹ።

«ፈራህ እንዴ?»

ሰዉ ሳቀበት። «ተኚ እንግዲህ!» አለ ተናዶ። «ብትነቃነቂ ግን አበቃ።»

ቢስሚላህ ብዬ ምንጣፉ ላይ ተጋደምኩ። በእኔ ዕድሜ ነጭ ለብሶ መጋደም ቀልድ አይደለም። ሂባ አየችኝና መጥታ ጎኔ ተጋደመች። ዘካሪያስ ሸማውን ሁለታችን ላይ ጣለው።

ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ይከብዳል። ብርሃኑ በድሩ መሀል ወተት መስሎ ይገባል። ልቤ መለስ ማለት ስትጀምር ሂባ በጆሮዬ አንሾካሾከች።

«እምዬ፣ አትቆጪኝ። ትናንት ለደላላው ደወልኩ። ሰኞ ወደ ጅቡቲ የሚሄድ መኪና አለ ብሎኛል። እሺ ብዬዋለሁ።»

ያ ረቢ! ሸማውን ቀድጄ ተነሥቼ ቆቦን በጩኸት ልገለብጣት ነበር። ግን ከተነቃነቅሁ ቤቱ ሄደ፤ ቤቱ ከሄደ ልጅቷ ሄደች። ሐሙስ ምንም ሳይሆኑ ጮኽሁ፤ አሁን ቤቴ ሲቃጠል መተንፈስ እንኳ ፈራሁ። ምላሴን ነከስኩ። በሸማው ሥር እጇን ፈልጌ ያዝኩት፣ አጥንቷ እስኪሰማኝ ያዝኩት። አልነጠቀችኝም።

«ይተነፍሳሉ?» ይላል አንዱ ከላይ።

«ሆዷ ተነቃነቀ!»

«ሆድ አይቆጠርም፣ ዝም በል!» ራቢዓ ናት።

ግማሽ ሰዓት እንደዚያ ይረዝማል? ሙህሲን ከባሕሩ ዳር የተናገረውን አንድ በአንድ ደግሜ ሰማሁት፤ «እምዬ፣ ውሃው ጸጥ ያለ ነው» ነበር ያለኝ። ሂባም ጣቶቼን መልሳ ጨበጠች።

«በቃ» አለ አቶ ጋሹ። ሸማውን ራሱ ገለጠው። እንባዬ እስከ ጆሮዬ ወርዶ ሲያይ ክው አለ። «ምን ሆነሻል?»

«ምንም። ዝም ብዬ ነው።»

ሰዉን አየ፣ እኔን አየ። ሳምራዊት የዘረጋችለትን ቁልፍ በእጁ መለሰው። «ስትጋደሙ በሩ ይከፈት፣ ፊታችሁም ይታይ» አለና ወጣ። ራቢዓ እልል አለች።

ሰዉ ሲበተን ሳምራዊት ያንኑ ሸማ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሂባ ሜትሩን አንሥታ ወደኔ መጣች።

«ከዚህ የአንቺ ቀሚስ ይወጣል ብለዋል እነ ሳምራዊት። ልለካሽ፣ እምዬ?»

«ዛሬ አይሆንም» አልኳት። «ሰኞ እመጣለሁ። ሰኞ ትለኪኛለሽ።»

ሜትሩን በጣቷ ጠቀለለችው። ፈታችው። ደግማ ጠቀለለችው።

«በጠዋት ነይ» አለችና ስልኳን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች።

«ሂባ ነኝ» ስትል በግድግዳው በኩል ሰማኋት። «የሰኞውን ተወው። አልመጣም።»