ያለ ሞት ማውራት

ፊሽካው ገና አውሮፕላኑ ውስጥ እያለ የሚስቱን ታላቅ እህት ማስቲካ አስተፍቶ በሶፍት ጠቀለለው።

«እዚህ አገር ማስቲካ ያስቀጣል፣ እትዬ» አለ።

«ገና መቼ ወረድንና?» አሉ እትዬ።

«ሕጉ የሚጀምረው በሩ ሲከፈት ነው።»

ፊሽካው የሚለውን ስም ያወጡለት ተማሪዎች ናቸው። የአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነው። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሞ ያረፈደውን፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ያልከተተውን፣ ፀጉሩን ያጎፈረውን በፊሽካ እየለቀመ ሲያንበረክክ ነው የኖረው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነች። የዚያኑ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች። እሷ የሰፋችውን ሱሪ ለብሶ የመጣውን ልጅ ፊሽካው «ጠቧል» ብሎ ከበር ይመልሰዋል፤ ልጁም ማታ እያለቀሰ እሷው ጋ ይመጣል፤ እሷም ስፌቱን ፈትታ ታሰፋለታለች። ትዳራቸው ሲዞር የኖረው በዚህ መልክ ነው።

የሚዝናኑበትን አገር የመረጠው እሱ ነው። ሌላው ሰው ለባሕሩና ለገበያው ብሎ የሚሄድበትን አገር እሱ የመረጠው ለቅጣቱ ነበር። «ሣር የረገጠ ይቀጣል፣ ርግብ የመገበ ይቀጣል፣ ደረጃ ላይ የተቀመጠ ይቀጣል! አገር ማለት ይሄ ነው!» ይል ነበር፣ አንድም ቀን ሳያየው እንደ ትውልድ መንደሩ እየናፈቀው። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው። የመጨረሻዎቹን አራት ቀኖች በጀልባ ወደ ደሴቱ እንዲሄዱ። ባሕር አይታ አታውቅም። ለዚያ የሚሆን ለቀቅ ያለ የጥጥ ቀሚስ ሠርታ ሻንጣዋ ግርጌ አጥፋ አስቀምጣለች።

ጀልባው ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው መናፈሻ ገቡ። ፊሽካው ከፊት እየሄደ ምልክት ባየ ቁጥር ይቆማል፣ ያነባል፣ ያደንቃል። ነፋስ የእትዬን ሻሽ ገፎ ሣሩ ላይ ጣለው። እትዬ ግራ ቀኝ አዩ፤ ሁለት እርምጃ ገብተው አነሱት፤ ሁለት እርምጃ ወጡ። ፊሽካው ጀርባውን ሰጥቶ ስለነበር አላየም። ሰፊዋ አየች። ጥበቃውም ከሩቅ አንድ ነገር ታይቶት መጣ፤ ስልኩን አውጥቶ ሲናገርበት ስልኩ በአማርኛ «ሣሩን የረገጠው ማን ነው?» አለ። ጥበቃው ጣቱን የቀሰረው ወደ ፊሽካው ነበር።

እትዬ ዛፉ ላይ ወፍ የሚፈልጉ ይመስል አንጋጠጡ።

«እኔ?» አለ ፊሽካው። የአንገቱ ሥር ተገታተረ። «እኔ ሣር ልረግጥ? ልሙት! ልሙት አልረገጥኩም! ረግጬ ከሆነ እዚሁ ድፍት ያድርገኝ!»

ስልኩ ትንሽ አሰበና በአገሩ ቋንቋ አጠር ያለ ነገር ተናገረ። የጥበቃው ፊት ተለወጠ። ግንባሩ ተፈታ፤ የፊሽካውን ክንድ በቀስታ ይዞ ወንበር ላይ አስቀመጠውና ውኃ አመጣለት። ከዚያም ዞር ብሎ ደወለ።

«አያችሁ?» አለ ፊሽካው ውኃውን እየጠጣ። «ሕግ ባለበት አገር እውነት የተናገረ ሰው ይከበራል።»

ብዙም ሳይቆይ ከውስጥ የማይከፈት በር ያለው መኪና መጣ። መቀመጫው ግን ለስላሳ ነው። አንዲት ሴት ፈገግ እያለች የፊሽካውን ቀበቶ ፈታች፤ ቀጥላ የጫማውን ክር።

«ቀበቶህን ለምንድን ነው የሚወስዱት?» አለች ሰፊዋ።

«ለፍተሻ ነዋ» አለ ሱሪውን በእጁ ጨብጦ። «ስጥ ሲሉህ መስጠት ነው።»

የወሰዷቸው አትክልት የከበበው ዝቅ ያለ ቤት ነው። ጠረጴዛዎቹ ሁሉ ማዕዘን የላቸውም። ፊሽካውን ከመስታወት ወዲያ አስቀመጡት። ሁለቱን እህትማማቾች አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ኃላፊ ተቀበለቻቸውና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አስተርጓሚ ነኝ» አለች ከስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት በጥሩ አማርኛ። «ባለቤትዎ በመንግሥት ሠራተኛ ፊት መሞት እፈልጋለሁ ብለዋል።»

«የኔው?» አለች ሰፊዋ። «ኧረ ምሎ ነው!»

«ገብቶኛል፣ እህቴ። እኔም ስምል ነው ያደግኩት። ለኃላፊዋም ነግሬያታለሁ። ግን አንዴ ከተመዘገበ ተመዘገበ ነው፤ አብሮት የሚኖር ሰው መኖር እንደሚወድ ሳይመሰክርለት አይለቁትም። አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ከአሁን ጀምሮ ያለ ሞት አውሩ። የምትሉትን ሁሉ ቃል በቃል የመተርጎም ግዴታ አለብኝ።»

«ይሄ ደግሞ ምን ይከብዳል?» አሉ እትዬ። «አፈር ስ...»

«እናቴ!» አለች አስተርጓሚዋ።

«እናቴ? ስንት ዓመቴ መስሏት ነው? እኔን ይድ...»

ሰፊዋ በመዳፏ አፋቸውን ያዘች። ኃላፊዋ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ አንድ ነገር ጠየቀች።

«ዕድሜያቸውን እየነገሩኝ ነው ብያታለሁ» አለች አስተርጓሚዋ። «ሁለተኛ አልዋሽላችሁም። እንጀራዬ ነው።»

እትዬ እንደገና ሞከሩ። «የእህቴ ባል ደህና ሰው ነው። ጨዋታ የጀመረ እንደሆነ በሳቅ ይገ... በሳቅ ሆዴን ያሳምመኛል። ውሸት ከተናገርኩ ሙ... ውሸት አልናገርም።» እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገራቸው እየሮጠ ሄዶ መቃብር አፋፍ ላይ ቀጥ ይላል። ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው። «በሕይወት ብቻማ እንዴት ይማላል?» ብለው በመጨረሻ ተዉት።

ኃላፊዋ ወደ ሰፊዋ ዞረች።

«ባለቤትዎን ምን ያስደስታቸዋል?» አለች በአስተርጓሚዋ።

ሰፊዋ ልትዋሽ አፏን ከፈተች። ልጆቹ፣ የልጅ ልጁ፣ አትክልት መኮትኮት ልትል ነበር። ነገ ጀልባ አለ። በዚህ መካከል ፊሽካው ባንድ እጁ ሱሪውን ይዞ በሌላው መስታወቱን ደበደበ።

«እውነቱን ተናገሪ!» ሲል ድምፁ በስሱ ተሰማ። «እዚህ አገር ለሹም መዋሸት እስር ነው! እኔ እንደሆንኩ የምደብቀው የለኝም!»

ሰፊዋ አፏን ከደነችና አሰበች። ደስ ብሎት ያየችው መቼ ነው? አንድ ጠዋት ዳይሬክተሩ ራሱ አርፍዶ ሲመጣ በር ላይ ይዞት ነበር። የዚያን ቀን ማታ ራት ሁለቴ በልቶ፣ ሲያንጎራጉር አምሽቶ ነው የተኛው።

«ሰው ሲያጠፋ መያዝ» አለች።

አስተርጓሚዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልተርጉመው?»

«ተርጉሚው።»

«የሚያጠፋ ሰው ሲታጣስ ትላለች።»

«ይከፋዋል። ይፈልጋል። ከውጭ ካጣ እቤት እኔ አለሁለት።»

ይህ ሲተረጎም ኃላፊዋ ብዕሯን አስቀምጣ ሰፊዋን አተኩራ አየቻት። ጣሳ ውኃ ለእሷም አስመጣችላት።

«ሁለት መንገድ አለ ትላለች» አለች አስተርጓሚዋ። «አሁኑኑ ይዘዋቸው መሄድ ይችላሉ። ግን ከዚህ አገር እስክትወጡ ከክንድ ርቀት በላይ እንዳይለዩዋቸው፤ ሲበሉም፣ ሲተኙም፣ ሲታጠቡም። ካልሆነ ደግሞ እዚሁ አራት ቀን ያርፋሉ። ምግቡ ጥሩ ነው። ሁሉም ነገር በደወል ነው።»

«በደወል?»

«መነሳቱም፣ መብላቱም። ከደወል በኋላ ያወራ ይገሠጻል።»

ፊሽካው ከመስታወቱ ወዲያ ሰዓቱን፣ ቀጥሎም በሩን እያሳየ እንድትፈጥን ያጣድፋታል። ሰፊዋ የክንዷን ርዝመት አየች። ሜትሯን አንገቷ ላይ አጥልቃ ስትኖር ክንድ ይህን ያህል አጭር መሆኑን አስተውላ አታውቅም ነበር።

«ይረፍ» አለች።

«አንቺ!» አሉ እትዬ። «ገደ...» ብለው የራሳቸውን አፍ ያዙ።

ለፊሽካው ሲነግሩት የሕጉን አንቀጽ ጠየቀ። አነበቡለት። ራሱን ነቀነቀና ሱሪውን በጭብጡ እንደያዘ፣ የኮሪደሩን ቀኝ ጠርዝ ተከትሎ ቀጥ ብሎ ገባ።

ደሴቱ ላይ የመጀመሪያውን ቀን ሰፊዋ እስከ ጉልበቷ ውኃው ውስጥ ቆማ የሚከለክላት ሰው እንዳለ ወደ ኋላዋ ስታይ ዋለች። በሁለተኛው ቀን መዞር ተወች። በሦስተኛው ቀን እትዬ አሸዋው ላይ ተቀምጠው ድንገት አለቀሱ።

«ሣሩን የረገጥኩት እኮ እኔ ነኝ!»

«አይቼሻለሁ።»

«እያየሽ ነው ዝም ያልሽው? ልንገረው ይሆን?»

«ስንመለስ ንገሪው» አለች ሰፊዋ፣ የቀሚሷን ጫፍ እየጨመቀች። «በጣም ደስ ይለዋል።»

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሊወስዱት መጡ። ኃላፊዋ በር ድረስ ወጥታ ስልኩን እንደያዘች እጃቸውን ጨበጠች። አስተርጓሚዋ ሳቋን እየዋጠች ተረጎመች፤ ወራት ሙሉ ትንፍሽ ያላሉ ሁለት ታካሚዎች ፊሽካው ከገባ ወዲህ አፋቸውን ፈትተዋል። ሁለቱም የተናገሩት ይህን ሰውዬ አስወጡልን ብለው ነው።

ጥበቃው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ፊሽካው ከውስጥ ቀበቶውን ታጥቆ ቆሟል፤ ፀጉሩ ተበጥሯል፣ ጉንጩም ሞላ ብሏል። ሚስቱን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ወዲያው ግን ሰዓቱን አየ።

«አሥር ደቂቃ ይቀራል» አለ። «ደንቡን አታውቁም እንዴ? ውጭ ጠብቁ።»

ከጥበቃው እጅ በሩን ተቀብሎ ራሱ ዘጋው።

እህትማማቾቹ ግንቡ ሥር ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሰፊዋ አንድ ጫማዋን አወለቀችና አሸዋውን አራገፈች። ፀሐዩ ለስለስ ያለ ነበር። ደወሉ ተደወለ፤ በሩም ተከፈተ። እትዬ ቦርሳቸውን አንስተው ብድግ አሉ።

«ነይ እንጂ፣ አውሮፕላኑ ያመልጠናል።»

«መጣሁ» አለች ሰፊዋ፤ ግን ሁለተኛውን ጫማዋን ለማውለቅ ጎንበስ አለች።