ወፍራሙ ፖስታ

በዚህ ጉም በማይለቀው የአሜሪካ የሜይን ባሕር ዳርቻ ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ሳድል፣ የሰረቅሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱንም ከምወዳት ሰው።

ሎርና ፔቲንጊል ግጥም የምትገጥመው ለገበያ የምታቀርበውን ሸርጣን ከቅርፊቱ እየፈለፈለች ነው። ጠዋት በወጥ ቤቷ መስኮት አያታለሁ፤ እጇ ባልዲው ውስጥ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ዓይኗ ከጉሙ ወዲያ። እጇ ስለሚረጥብ አትጽፍም። ባልዲው ባዶ እስኪሆን ከአፏ ያልጠፋውን ስንኝ ብቻ ወረቀት ላይ ታሰፍራለች። እዚያ መስኮት ሥር ስቆም ሰዓቱንም፣ የጉልበቴንም ሕመም እረሳለሁ።

ለአሳታሚ ስትልክ፣ እንደ ደንቡ፣ የራሷን አድራሻ የጻፈችበት ባለቴምብር ፖስታ አብራ ትከታለች። እምቢታው ሁሉ በገዛ እጅ ጽሑፏ ተመልሶ ይመጣል። እኛ ፖስተኞች ደግሞ ሳንከፍት እናውቃለን፦ ቀጭን ከሆነ ተቀብለዋታል፤ ወፍራም ከሆነ ሁሉንም መልሰውላታል።

አንድ መኸር የመጀመሪያ መጽሐፏን ረቂቅ ሰጠችኝ።

"ኤልዉድ፣ ይሄ ከተመለሰ በቃኝ። ሸርጣኔን ዝም ብዬ እፈለፍላለሁ።"

"አንቺ? ዝም ብለሽ?"

"ሳቅ አንተ። የምሬን ነው።"

ኅዳር ላይ ፖስታው መጣ። ወፍራም ነው። በደጇ ሳልፍ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነበር፤ አንጀቴ አልችል አለ። ለዛሬ ብቻ ብዬ ወደ ቤቴ ወሰድኩት። እኔ እንደሆንኩ ሳይጠሩኝ አቤት፣ ሳይልኩኝ ወዴት የምል ሰው ነኝ።

"አልመጣም?" ትለኛለች በየጠዋቱ።

"አልመጣም።"

ክረምቱን ሙሉ በረዶው ወረደ፣ ከንፈሯም አላረፈም። እኔም ደግ የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ከረምኩ፤ ሞኝ።

መጋቢት ላይ "ነገ ስልክ እደውልላቸዋለሁ" ስትል ጉዴ ፈላ። ፖስታውን አምጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። በእርጥብ እጇ ከፈተችው። ረቂቁ ላይ በእርሳስ የተጻፈ እርማት፣ ከላዩ ደግሞ የኅትመት ውል ነበር። እስከ ገና ፈርማ እንድትመልስ ይላል።

ደወለች። መልስ ሲያጡ ቦታዋን ለሌላ ገጣሚ መጽሐፍ ሰጥተውታል።

"አዝኜልሽ ነው" አልኩ።

"ማን እዘንልኝ አለህ?"

በሩን ከፈተችልኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስድስት መጻሕፍት አሳትማለች፤ ትልልቅ አዳራሾች ውስጥ ታነባለች። ግን አንዲት ገጿ በእጄ አላለፈችም። አራት ማይል በእግሯ እየሄደች በጎረቤት ከተማ ፖስታ ቤት ትልክ ነበር። መንገድ ላይ ሳገኛት መኪናዬን አቆማለሁ። ሰላም ትለኛለች፤ አትገባም።

ዘንድሮ ጡረታ ልወጣ ስድስት ቀን ሲቀረኝ በመስኮቱ ጠራችኝ። ዳሌዋ ታሞ ከወንበር አትነሳም። ፖስታ ዘረጋችልኝ፤ ጠርዙ በጣቶቿ ርሷል።

"ዛሬ ይሄዳል?"

"ዛሬውኑ።"

ከረጢቴ ውስጥ አልከተትኩትም። መኪናዬን ደጃፏ ላይ ትቼ፣ አራቱን ማይል በእግሬ ሄድኩ።