መስታወት ላይ የቀረው ዓይን

«ኧረ ቀስ! ኧረ ቀስ በል አንተ ሰውዬ!»

ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤቱ ቢጮህም ዘግይቷል። ፎቶው ከክፈፉ መስታወት ላይ ጨርርር ብሎ ተላቀቀ፤ የሴትዮዋ ግራ ዓይን ግን መስታወቱ ላይ ቀረ።

ይህን ያደረገው ተራ ሰው ቢሆን ምንም ባልነበረ። ያደረገው ማስተር ነው። የሰፈሩ ፎቶ ቤት ባለቤት፤ የኖኅን መርከብ ፎቶ ብታመጡለት አጥርቶ የእንስሳቱን ጢም የሚያስቆጥር ሰው! መስታወት ላይ የተጣበቀ ፎቶ አይላቀቅም፣ ከነመስታወቱ ስካን ይደረጋል እያለ አገር ምድሩን ያስተማረውም እሱው ራሱ ነው። ዛሬ ግን ጎረቤቱ ፊት «የእኔ ጣት ከሐኪም ጣት ይለሰልሳል» ብሎ ፎከረና ጣቱ አዋረደው።

ፎቶውን አምና የሰጠችው አክስቱ ናት። እሱ ሳይወለድ የሞተችው አያቱ፣ የአክስቱ እናት፣ በዕድሜዋ ሙሉ የተነሳችው ይህንኑ አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ዛሬ ማታ ዘመድ አዝማዱ በያለበት የቤተሰቡን ድረ ገጽ ከፍቶ ሊያያት ይጠብቃል።

«አሁን አክስትህን ምን ልትላት ነው?»

«ምንም። ኮምፒውተር ለምን ተፈጠረ?»

«ለውሸት ነዋ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ ሳቁን በእጁ አፍኖ ወደ ደንበኞቹ ሮጠ።

ማስተር የተገመሰውን ወረቀት ስካነሩ ላይ ደፋው። ከዚያ ቀኝ ዓይኗን በኮምፒውተሩ ቀድቶ፣ ገልብጦ፣ በግራው ቦታ ተከለው። ጠርዙን አለሰለሰ፤ የወየበውን አጠራ፤ ለድረ ገጹ እንዲቀል መጠኑን ቀነሰ። ከባድ ፎቶ ዳገት መሃል እንደሚቆም አህያ ነው ይላል ሁልጊዜ። በመጨረሻም፣ ባማረ ሥራው ሁሉ ላይ እንደሚያደርገው፣ ጥጉ ላይ «የማስተር ሥራ» የምትል ማኅተሙን አሳረፈ። ወረቀቱንና መስታወቱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈባቸው። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከበደው።

ብዙም ሳይቆይ አክስቱ ከዘራዋን እያንኳኳች ገባች።

«የታለች እናቴ?»

«ይቺውልሽ አክስቴ! ንግሥት አድርጌልሻለሁ!»

መነጽሯን አድርጋ ስክሪኑን ብዙ አየችው።

«ቆንጆ ናት፤» አለች። «ግን ምነው ሁለቱም ዓይኖቿ እኔን አዩኝ?»

«እንዴት ማለት?»

«ግራ ዓይኗ ዘወር ያለ ነበር እኮ። ስትቆጣ አንዱ እኛን፣ አንዱ በሩን ያያል። ማንን ልትገርፍ እንደሆነ ስለማናውቅ ሁላችንም እንሮጥ ነበር!» ሳቀች፤ ሳቋ ውስጥ እንባ ነበረ።

ማስተር ሳያስበው ውሸቱ ቀድሞት ወጣ። «ኮምፒውተሩ ነው ያቃናው። ዘመናዊ ስለሆነ… ራሱ ያስተካክላል።»

«ግድ የለም ልጄ። ለዘመዶቻችን ይህችን አሳያቸው። እኔ ዋናዋ አለችኝ፤ አምጣት፣ አልጋዬ አጠገብ ልስቀላት።» እጇን ዘረጋች። «ከአንተ ሌላ ለማንም አልሰጣትም ነበር።»

ያን ጊዜ ምድር ብትከፈት ማስተር ወረፋ ሳይጠብቅ ይገባ ነበር። «ነገ አመጣልሻለሁ» ቢላትስ? ታምነዋለች። ክፋቱም ይኸው ነው፣ ታምነዋለች። የተዘረጋው እጅ አልታጠፈም። ቁልፉን አወጣና መሳቢያውን ከፍቶ ሁለቱንም ፊቷ አስቀመጠ።

«እኔ ነኝ የቀደድኳት። ስፎክር።»

አክስቱ ወረቀቱን አልነካችም። መስታወቱን አንስታ ወደ ብርሃን አዞረችው። ትንሿ ዓይን እዚያ ሆና በሩን ታያለች።

«እዚህ ነሽ እንዴ፣» አለች በሹክሹክታ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «አንተ ጉረኛ! እሷ ብትኖር ኖሮ የዛሬውን ሩጫህን አየው ነበር!»

ማስተር የሠራውን አጥፍቶ፣ ትንፋሹን ይዞ መስታወቱን ስካነሩ ላይ አስተኛው። የአያቱን ዓይን በኮምፒውተሩ ወደ ቦታው መለሰ። ጉንጯ ላይ ነጭ ስንጥቅ ቀረ።

«ላጥፋው? ቀላል ነው።»

«ዛሬስ ምንም አትነካካብኝ።»

ድረ ገጹ ላይ ሊለቀው ሲል ጥጉን አየ፤ ባዶ ነው። ማኅተሙ ባይኖር ማን እንዳበላሸው ማንም አያውቅም። ጣቱ ማውሱ ላይ ቆመ።

ከዚያ «የማስተር ሥራ» የምትለዋን ጎትቶ አመጣና፣ ጥጉ ላይ ሳይሆን ልክ ከስንጥቁ ሥር አሳርፎ ለቀቀው።