የማቴዎስ እግር

አሞት ነበር፣ መቼም አሞት ነበር፣ ያለዚያማ ሰው በሌለ ሕመም ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዴት ያነክሳል፣ ማቴዎስ ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻል፣ ቀኙን፣ ከዚያ እንደ መጠራጠር ብሎ ግራውን፣ ሰብሳቢዋ ትርፊት አጀንዳ ቁጥር ሁለት እያለች ነው፣ ትርፊት ተማሪው ነበረች፣ ስምንተኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምሯታል፣ አጀንዳ ቁጥር አንድ የድንኳን ጉዳይ ነበር፣ አልቋል፣ ቁጥር ሁለት የዘንድሮውን የያሆዴ እግር ኳስ ዋንጫ በቀድሞው ተጫዋች በሟች ሙክታር ስም ለመሰየም የቀረበውን ሐሳብ መርምሮ ማጽደቅ። ሟች ሙክታር። ሁለቱ ቃላት አብረው አይሄዱም፣ ሙክታር እኮ አንድ ቦታ ተገኝቶ አያውቅም ነበር፣ እዚህ ነው ስትል እዚያ ነው፣ አሁን ሟች ተብሎ አንድ ቦታ ቁጭ አለ።

የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ጢም ብሏል። ሆሳዕና ከተማ ለያሆዴ፣ ለሐድያ ዘመን መለወጫ፣ ሳምንት ሲቀራት እንዲህ ናት፣ ከየአገሩ የገባው ሁሉ ቦርጩን አስቀድሞ ቁምጣ ካልታጠቅኩ ይላል። ፊት ወንበር ላይ ጥቁር ሻርፕ የለበሰች ሴት ተቀምጣለች፣ ረምላ ትባላለች፣ የሙክታር ልጅ፣ አባቷ በሞተ በስምንተኛ ወሩ ከሻሸመኔ የመጣችው። አፍንጫውን ወስዳለች። ማቴዎስ አንዴ አይቷት ዓይኑን ወደ ጣሪያው ልኳል፣ ጣሪያው ላይ ግን ምንም የለም፣ ቆርቆሮ ነው፣ ሰው ቆርቆሮ እስከ መቼ ያያል።

ሁሴን ተነሥቷል፣ ያን ጊዜ የሆሳዕና የግራ ክንፍ፣ ዛሬ ባለ አይሱዙ፣ ድምፁ ማይክ አይፈልግም፣ እናንተ ልጆች በስልክ የምታዩትን አብዶ እኛ በአቧራ ሜዳ ላይ በዓይናችን አይተናል፣ ሙክታር ተከላካይ ካለፈ በኋላ ተመልሶ ያንኑ ሰውዬ እንደገና ያልፈዋል፣ ምን ነካህ ትለዋለህ፣ የመጀመሪያውን ሳያየው ቀረ ብዬ አዘንኩለት ይልሃል፣ አዳራሹ ይስቃል፣ ረምላም ትስቃለች፣ ማቴዎስም ይስቃል፣ ያ ሰውዬ ግን አንድ ጊዜ እሱ ነበር።

አሁን ደግሞ አቶ ሚክያስ፣ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር፣ የማይለወጥ ካፖርታቸውን እያስተካከሉ፣ በቅድሚያ ዕድሉ ስለተሰጠኝ አመሰግናለሁ፣ የሟችን ነፍስ ይማር፣ ልጃቸውንም እንኳን ደህና መጣሽ እላለሁ፣ ችሎታ አልነበረውም የሚል ካለ ዓይን የለውም፣ ነገር ግን ኳስ የአሥራ አንድ ሰው ነው፣ በሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት ፍጻሜ ከአንጋጫ ጋር አንድ ለአንድ ነን፣ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል፣ በረኛውን አለፈ፣ ጎሉ ባዶ ነው፣ የጎሉ መስመር ላይ ኳሷን ረግጦ ቆመ። ቆመ ጌቶቼ። አስቆጥር እያልን ቆመ። በረኛው ተነሥቶ ኳሷን አቀፈ፣ በፔናሊቲ ተሸነፍን፣ አባቴ ያን ሌሊት እራት አልበላም፣ የናቀንን ሰው ስም ዋንጫ ላይ ጽፈን ለልጆቻችን እንስጥ ወይ።

አልናቀም፣ ይላል ሁሴን ከተቀመጠበት፣ በረኛው ወድቆ ስላየው ነው።

እንግዲያው በረኛው ይኸው፣ ይላሉ አቶ ሚክያስ፣ ጣታቸው በአዳራሹ ላይ ተንሳፍፎ ማቴዎስ ላይ ያርፋል፣ ዛሬ የእኛው ከተማ ሰው ነው፣ የተከበረ መምህር፣ እሱ ይንገረን። ከምሩ አሞት ከነበረ ሙክታር ደግ ሰው ነበር፣ ቀድሜ እጄን የማወጣው እኔ ነኝ። ካላመመው ግን፣ ካላመመው ንቀት ነው።

ሰው ሁሉ ዞረ። ፕላስቲክ ወንበር ሲዞሩበት ይንጫጫል። ሁሴን ጎንበስ ብሎ በጆሮው፣ ማቴ፣ አሞኝ ነበር በልና ገላግለን፣ ቃሏ አንዲት ናት። አንዲት ናት። ከዚህ የቀለለ ነገር የለም፣ አሞኝ ነበር ቢል ሙክታር ይከበራል፣ ልጂቱ ደስ ይላታል፣ ሁሴን ያቅፈዋል፣ አቶ ሚክያስ እጃቸውን ያወጣሉ፣ ማንም የሚጎዳ የለም፣ ታዲያ ለምን አይላትም፣ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባል የለ፣ የእሱ ስንቅ ምን ሆና ነው እያደር የምትከብደው፣ ቆይ፣ ውሸት ነው ያለው ማነው፣ አሞትስ እንደሆነ።

እስቲ በቅጡ ያስብ። ሙክታር ብቻውን መጣ፣ ማቴዎስ ከጎሉ ወጣ፣ በቀኙ አለፈው። እዚያ ላይ ማስቆጠር ይችል ነበር። አላስቆጠረም፣ ተመለሰ፣ ለሁለተኛ ጊዜ በእግሮቹ መሃል አሳልፎ እንደገና ቀደመው፣ ቲፎዞው በሳቅ ፈረሰ፣ የሆሳዕናው ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፣ ከአንጋጫ በሁለት መኪና ተጭኖ የመጣው የገዛ አገሩ ሰው ሳቀ፣ ጣቢታ ሳቀች፣ ያኔ ገና አልተጋቡም፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ ስትስቅ በሁለት እግሮቹ መሃል ዘወር ብሎ አያት፣ ወይስ በኋላ ነግራው ነው ያየው የመሰለው። ከዚያ ወደቀ። ወደቀ ወይስ ተቀመጠ። መሬቱ ላይ ሆኖ ያ ሳቅ እንዲቆም ብቻ ፈለገ፣ ሌላ ምንም አልፈለገም፣ ዋንጫም አልፈለገም፣ እግሬ ብሎ ጮኸ። ወይኔ እግሬ። ከሙክታር በቀር የሰማው የለም።

ሙክታር ቆመ። ኳሷን መስመሩ ላይ ረግጦ ዞረ፣ ፊቱ ላይ የነበረው ጨዋታ ጠፋ፣ ሌላ ሰው ሆነ፣ ከዚያ ኳሷን ትቶ አንድ እርምጃ ወደ እሱ ተራመደ፣ ይህችን እርምጃ አቶ ሚክያስ አላዩዋትም፣ ከዚያ ርቀት አትታይም፣ አንዲት ትንሽ እርምጃ፣ እጁን ዘርግቶ። ማቴዎስ ደግሞ እጁን ዘረጋ። ወደ ኳሷ። ማን ዘርጋ አለው፣ እጁ ራሱ ነው የሄደው፣ በረኛ አይደል። ፔናሊቲ ሁለት አዳነ፣ እግሩን የታመመ ሰው ሁለት ያድናል እንዴ፣ ያድናል፣ ደሙ ሲሞቅ አይሰማም፣ ሐኪሞችም ይሉታል፣ አንጋጫዎች ተሸክመው ዞሩ፣ ትከሻ ላይ ያለ ሰው ደግሞ አያነክስም፣ አውርደው መሬት ሲያቆሙት ነው ትዝ ያለው። ያን ጊዜ አነከሰ። የትኛውን።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ የራሱን ኑሮ ጀመረ። ሐምሌ ዝናቡ ሲወርድ እግሬን ይላል፣ ጣቢታ ቅባት ይዛ ትመጣለች፣ የዘረጋላትን ታሻለታለች፣ አንድም ቀን ትናንት ያኛው አልነበረም ወይ አላለችም፣ ሚስት ይሏችኋል እሷን። ዘጠና ሁለት ላይ ደግሞ ምን ይዞት እንደሆነ አይታወቅም ቤተ ክርስቲያን ለምስክርነት ወጣ፣ ጌታ እግሬን ፈወሰልኝ አለ፣ ጉባኤው ሃሌሉያ አለ፣ መዘምራኑ ሳይቀሩ አለቀሱ፣ እሱም አለቀሰ፣ እንባው እውነተኛ ነበር፣ ያን ቀን ነገሩ ያለቀለት መሰለው፣ ታሞ ነበር፣ ተፈወሰ፣ ተዘጋ። ካልታመመ ምኑ ተፈወሰ። ዛሬ አላመመኝም ቢል ሃሌሉያውን ለማን ይመልሳል።

ሙክታርማ ያን ዓመት እንኳ አልጨረሰም። ጃጁራ ገበያ ሰው ሰላምታ ነሳው፣ ትዕቢተኛው መጣ ይሉት ነበር፣ ልብሱን በማዳበሪያ አድርጎ ሄደ፣ ሠላሳ ያሆዴ አልመጣም። የሐድያ ሰው ለያሆዴ ካልመጣ ወይ ሞቷል ወይ ልቡ ተሰብሯል። እናቱ በየዓመቱ የሥጋ ድርሻውን ታስቀምጥለት ነበር አሉ፣ ማቴዎስ ይህንን የሰማው ከሰው ነው፣ ሰምቶ ሻይ አዘዘ፣ ሌላ ምን ያዝዛል።

አዲሎ። አዲሎን ባያስብ ይሻለዋል። ለሥልጠና ወደ ሐዋሳ ሲሄድ ነው፣ አሥራ ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ የተሳፈረበት ሚኒባስ ጎማው ተንፍሶ አዲሎ ላይ ቆመ፣ መንገድ ዳር አንድ የጭነት መኪና፣ ከመስኮቱ አንድ ጭንቅላት ብቅ አለ፣ ሸብቷል፣ አንተ የአንጋጫው በረኛ አይደለህም እንዴ አለው፣ ሙክታር ነው፣ ወርዶ አቀፈው፣ ሻይ አዘዘለት፣ ስለ ፍጻሜው አላነሣም፣ ስለ ዋንጫው አላነሣም፣ እግርህስ አለ፣ ዳነልህ ወይ። እዚያች ላይ መናገር ይቻል ነበር፣ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ብቻ ነበር በመሃላቸው። በብርድ ጊዜ ትንሽ ይይዘኛል አለው። ይህም ይሁን። ወደ ሚኒባሱ ሲመለስ ግን የሙክታርን ዓይን ጀርባው ላይ አወቀው፣ አነከሰ፣ ያ በምስክርነት የተፈወሰው እግር አዲሎ ላይ ተመልሶ ታመመ፣ እስከ በሩ ድረስ አነከሰ፣ ማንም አንክስ አላለውም እኮ፣ ማንም።

መምህር ማቴዎስ፣ ትላለች ትርፊት፣ መድረኩ የእርስዎ ነው። ይናገር፣ ምን ብሎ፣ አላመመኝም ቢል አቶ ሚክያስ ይኸው ንቀት ነው ይላሉ፣ አሞኝ ነበር ቢል ያን አንድ እርምጃ እንደገና ይሰርቀዋል፣ እውነቱ ሙክታርን ያዋርዳል፣ ውሸቱ ያከብረዋል፣ እንዲህ ያለ ፈተና ለተማሪ አውጥቶ አያውቅም፣ ጌታ ሆይ አሞኝ ነበር ወይስ አላመመኝም አንተ ታውቃለህ፣ እኔ ጠፍቶብኛል።

ይቅርታ፣ ትላለች ረምላ። ተነሥታለች። እሳቸው ከመናገራቸው በፊት አንድ ነገር ልበል፣ አባዬ ስለዚያ ጨዋታ ሲናገር የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው፣ ልጁ እግሬ ብሎ ሲጮህ ሰማሁት ይለን ነበር፣ ድምፁ የወንድሜን መሰለኝ፣ እግሬ አልሄድ አለ። ለምን ለሰው አልተናገርክም ስንለው፣ በረኛው ቁስሉ ሳይድን ደግሞ በእሱ ሰበብ ተሸነፍን ሊባል ነው፣ ይተው፣ ይለናል። አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ ደስ ብሎት ነበር፣ አዲሎ ላይ አገኘሁት አለ፣ ዛሬም ያነክሳል፣ እንኳን ቆምኩ አለ። እንኳን ቆምኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፉ ተስተካከለ፣ እናቴ ምስክር ናት። ሲደክምም፣ ሆሳዕና ከሄድሽ ያን ሰው እግሩን ጠይቂልኝ አለኝ። ለዚያ ነው የመጣሁት፣ ዋንጫውን እናንተ እንደፈለጋችሁ።

አቶ ሚክያስ ካፖርታቸውን አንድ ጊዜ ይከፍታሉ አንድ ጊዜ ይዘጋሉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ቀኝ እጃቸውን ያወጣሉ፣ ማንም ድምፅ ስጡ ሳይላቸው፣ ሁሴን አወጣ፣ ከኋላ ያሉት አወጡ፣ ትርፊት መቁጠሩን ትታዋለች። አለቀ። ማቴዎስ ምንም ሳይል አለቀለት፣ ተረፈ፣ ሙክታር ዋንጫውን በላ፣ ማንም ሌላ ነገር አይጠይቀውም፣ ለምሳ እንኳ ይደርሳል፣ እንኳን ቆምኩ፣ እንኳን ቆምኩ አለ፣ በእሱ ማነከስ እንቅልፉ ተስተካከለ፣ ታዲያ ያ ውሸት ደግ ሥራ ሠራ ማለት ነው ወይስ ምን ማለት ነው።

ረምላ በወንበሮቹ መሃል እየመጣች ነው። ፊቱ ትቆማለች፣ ትቀመጣለች እንጂ፣ በርከክ ብላ፣ እንደ ቤተሰብ፣ ዓይኗ ጫማው ላይ ነው፣ አባቷ ሠላሳ ያሆዴ የከፈለበትን ነገር ልታይ፣ ጋሼ፣ ትላለች፣ የትኛው እግርዎ ነበር።

እጁ ይነሣል። ወደ ቀኙ ይሄዳል፣ አይ፣ ወደ ግራው፣ መሃል አየር ላይ ይቆማል፣ ሁሉም እያዩት ነው፣ ቀላል ጥያቄ ነው፣ ሁለት ምርጫ ብቻ ያለው፣ እጁ የተሰበረ ሰው የትኛው እጁ እንደሆነ በእንቅልፉ ይነግርሃል፣ ጥርሱን የታመመ በምላሱ ያሳይሃል፣ ይፈልጋል፣ ሠላሳ ዓመቱን ሁሉ ይፈልጋል፣ ቀኝም ዝም፣ ግራም ዝም፣ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፣ ሁልጊዜም ጤነኞች ነበሩ፣ ልጂቱ አንገቷን ቀና አድርጋ ትጠብቃለች፣ የአባቷ አፍንጫ፣ አንዲት እርምጃ፣ የተዘረጋ እጅ።

ማቴዎስ ወንበሩን ሳይደገፍ ብድግ ይላል። የትኛውም አይደለም ልጄ፣ ይላታል። እኔ ምንም አላመመኝም ነበር።