ዋይፋይ ያላት ጀልባ

ጅጅጋ ውስጥ በርጫ ላይ የማይሠራ ነገር የለም። ከምሳ በኋላ ትራስ ተደግፈው ጫት የሚቅሙ ሰዎች ፎቅ ያቆማሉ፣ ፋብሪካ ይተክላሉ፣ የተፋታ ያስታርቃሉ። አመሻሹ ላይ ብድግ ሲሉ ግን ፎቁንም ፋብሪካውንም ከጫቱ ገራባ ጋር ምንጣፉ ላይ ጥለውት ነው የሚሄዱት። ደንቡ ይኸው ነው። በርጫ ላይ ቃል የገባልህን ሰው በማግስቱ መንገድ ላይ አስቁመህ "ያ ነገር ከምን ደረሰ?" ብትለው ነውረኛው አንተ ነህ።

ይህን ደንብ ያፈረሰ ሰው ቢኖር ጨርቅ ነጋዴው ኸሊፍ ነው። ሄዶ ጀልባ ገዛ።

አዎ፣ ጀልባ። የዕቃ መጫኛ እንዳትመስላችሁ፤ ለሽርሽር የምትሆን፣ ጣሪያዋ ሰማያዊ፣ ወንበሮቿ ስፖንጅ የለበሱ፣ ጅቡቲ ውስጥ አንድ ሆቴል እንግዶቹን ሲያንሸራሽርባት የኖረች ጀልባ ነች። ደወሌ ላይ የጉምሩክ ሰዎች ወረቀቷ ላይ "መድረሻ ጅጅጋ" የሚለውን ሲያነቡ የጭነት መኪናውን ሹፌር ጠጋ ብለው "ባለቤቱ ጤነኛ ነው?" አሉት። "እኔ ጭነት እንጂ ጤና አልመረምርም" አላቸው። ባቢሌ ስትደርስ ለውዝ ሻጮቹ ገበያቸውን ትተው ከበቧት፤ አንዷ ሴትዮ "የሚመጣውን ጎርፍ ለእኛም ንገሩን እንጂ" አለች አሉ።

ለኸሊፍ ግን ቀልድ አልነበረም። ሰፈሩ ሁሉ "አጎቴ" ለማለት በሶማሊኛ አደር ጃማ የሚላቸው አባቱ፣ በወጣትነታቸው ከዘይላ ጅቡቲ ሲመላለሱ የኖሩ ጀልበኛ ነበሩ። ጉልበታቸው ሲደክም ልጃቸው ጅጅጋ አምጥቶ ጥሩ ክፍል፣ ጥሩ ፍራሽና አንድ መስኮት ሙሉ አቧራ ሰጣቸው። ሽማግሌው ምንም አይጎድልባቸውም። ነገር ግን ነፋስ በነፈሰ ቁጥር "ይሄ ለሸራ ጥሩ ነፋስ ነበር" ይላሉ። ለዚህ ነው ከጅጅጋ ወጣ ብላ ባለችው ቱሊ ጉሌድ ከተማ መግቢያ ላይ ለከብት የሚሆን ትልቅ ኩሬ መቆፈሩ በተወራበት በርጫ፣ "አባቴን እዚያ ውሃ ላይ አንድ ዙር ሳላዞራቸው ብሞት አፈር አይቀበለኝ" ብሎ የማለው።

እዚህ ላይ ዝም ቢባል ምን ነበረበት! ጓደኛው ካሣዬ ግን አጠገቡ ተቀምጧል፣ የጫቱ ምርቃናም አናቱ ላይ ወጥቷል። "አንተ ብቻ ጀልባዋን አምጣት" አለ፤ "ኢንተርኔቷን እኔ እዘረጋልሃለሁ። የዘንድሮ ወጣት ዋይፋይ ከሌለ እንኳን ጀልባ የገዛ ሠርጉም ላይ አይገኝ። ሰው ከፍሎ ይሳፈራል፣ አደር ጃማ ደግሞ በነፃ ይንሸራሸራሉ።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ካሣዬ ዲሽ ሰቃይ ነው። አያቱ በወታደርነት መጥተው እዚያው የቀሩ፣ እሱም ከኸሊፍ ጋር በአንድ ጭቃ አብሮ ያደገ፣ ጅጅጋ ውስጥ ያልወጣበት ጣሪያ የሌለ ሰው ነው። ዋይፋይ ግን የዘረጋው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የገዛ ቤቱ። እሱንም ቢሆን ሚስቱ ሶሲና የምታገኘው ወጥ ቤት በር ላይ አንድ እግሯን አንሥታ ስትቆም ነበር። ሶሲና የጀልባውን ነገር ስትሰማ "እንኳን ተንሳፋፊውን፣ የቆመውን ቤት መቼ ቻልከው?" አለችው። ጀልባዋ ግን መጥታ ኩሬው ላይ ወርዳለች።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ካሣዬ ቱሊ ጉሌድ ከተማ ዳር፣ የኢንተርኔት መስመር ያለው አንድ ሱቅ ጣሪያ ላይ አንድ ዲሽ ሰቀለ፤ ሌላውን ጀልባዋ ጣሪያ ላይ። ሁለቱ ፊት ለፊት ሲተያዩ ኢንተርኔቱ ከሱቁ ወደ ጀልባዋ ይሻገራል። ከታች ባትሪ፣ ከባትሪው ራውተር። ጨርሶ ሲለኩሰው ኸሊፍ ስልኩን አውጥቶ ነካ ነካ አደረገና "ወላሂ ሠራ!" አለ።

እሱ ተናግሮ ሳይጨርስ ትንሽ ነፋስ መጣች፣ ጀልባዋ እንደ ሙሽራ አንገቷን ዘወር አደረገች፣ ዋይፋዩ ጠፋ። ተመልሳ ስትዞር መጣ። ደግሞ ስትዞር ጠፋ። ለካስ ጀልባ ማለት የሚንቀሳቀስ ነገር ኖሯል! ይህን በርጫ ላይ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ካሣዬ ዲሹን ከፍ አደረገው፣ ዝቅ አደረገው፣ ሽቦ ጨመረለት፣ ሰደበው። ከብቶቻቸውን ሊያጠጡ የመጡ አርብቶ አደሮች ኩሬው ዳር ቁጢጥ ብለው በትዕግሥት ያዩታል። መጨረሻ ላይ አንዱ፣ "ላም አልታለብ ስትል ምን ይደረጋል?" ብሎ ጠየቀ።

"ትታሰራለቻ" አለ ካሣዬ። ያን ጊዜ በራለት።

ጀልባዋ በአራት ወፍራም ገመድ፣ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ፣ ዳር ላይ በተተከሉ ችካሎች ተጠፍራ ታሰረች። ነፋስ ቢመጣ፣ ኮርማ ቢገፋት ንቅንቅ አትልም። ዋይፋዩም ሳይቆራረጥ መጣ። የዓለም ሕዝብ ጀልባ የሚገዛው እንድትሄድለት ነው፤ የእኛዎቹ እንዳትሄድ አድርገው ሠርተው ደስ አላቸው።

ዒድ ዕለት ተመረቀች። ከጅጅጋ በባጃጅም በሚኒባስም የመጣው ወጣት ጀልባዋን ሞላት። ኸሊፍ ለስላሳና ሳምቡሳ ማቅረብ ጀመረ። ተሳፋሪው ይገባል፣ የይለፍ ቃሉን ይጠይቃል፣ ይቀመጣል፣ አንገቱን ይደፋል። ያ ሁሉ ውሃ ከሥሩ ተኝቶ ቀና ብሎ የሚያየው የለም። እውነቱን ለመናገር ጎተራ ውስጥ ቢያስቀምጧቸውም ግድ አልነበራቸውም።

አደር ጃማም መጡ። ነጭ ሽርጣቸውን ታጥቀው፣ መሪው አጠገብ ተቀምጠው ጠበቁ። ጠበቁና "ኸሊፍ፣ መቼ ነው የምትፈታት?" አሉ።

"ዛሬ ሰው በዝቷል አቦ" አለ ኸሊፍ፤ አባቱን አቦ ነው የሚላቸው። "ከዒድ በኋላ።"

ከዒድ በኋላም ሰው በዛ። ሽማግሌው በመጡ ቁጥር ይጠይቃሉ፣ ኸሊፍ ቀን ይጨምራል፤ ለአረፋ ይላል፣ ከአረፋ በኋላ ይላል። ካሣዬ ይህን በሰማ ቁጥር ራውተሩን የሚፈትሽ መስሎ ያጎነብሳል። ያፍር ነበር። ጀልባዋ የመጣችው ለማን እንደሆነ ያውቃል፤ ገመዱን የቋጠረውም የራሱ እጅ ነው። ጓደኛውን ሊነግረው አስቦ ሁሌ ነገ ይላል፤ ነገ ደግሞ ዋይፋዩን የሚያመሰግነው አይጠፋም። ምስጋና ደግሞ ከጫት ይብሳል።

ጥር ገባ። ዝናቡ ከሄደ ሰንብቷል፣ ከብቱ ይጠጣል፣ ፀሐዩም ይጠጣል። ኩሬው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ወደ መሐሉ ሲሰበሰብ ማንም ልብ አላለም፤ ለማየት ቀና ማለት ያስፈልግ ነበር።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጀልባዋ ጢም ብላ ሳለች አደር ጃማ ማንንም ሳይጠይቁ ዳር ዳሩን ዞረው አራቱንም ገመድ በየተራ ፈቱ። ካሣዬ የውስጡን ሽቦ ሲያስተካክል ነበርና ቀና ሲል አያቸው። ተመልሶ ሽቦው ላይ አጎነበሰ። ሽማግሌው ተሳፈሩ፣ መሪውን ጨበጡ፣ ሞተሩን አስነሡ። ሞተሩ ጮኸ፣ ከኋላ ጭቃ ተረጨ፣ ጀልባዋ ግን እንደተተከለች ቀረች።

ኸሊፍ የሳምቡሳውን ትሪ እንደያዘ ፊቱ አመድ መሰለ። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ፣ ኢቅራ የምትባል ተማሪ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል "ዛሬ ደግሞ ኔትወርኩ እንዴት ፈጠነ" አለች።

አደር ጃማ ሞተሩን አጥፍተው ዝቅ ብለው ውሃውን አዩ። አልተቆጡም። "ሆዷ መሬት ነክቷል" አሉ፤ "ጭነቱ ይውረድ።"

"እባካችሁ ለትንሽ ጊዜ ውረዱልን" ብሎ ኸሊፍ ለመነ።

"እሺ፣ ይቺ ቪዲዮ ትለቅ" አለ አንዱ። "እሺ" አለ ሌላው። ሁሉም እሺ አሉ፣ ማንም አልተነሣም።

ካሣዬ የሽማግሌውን እጆች አየ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም መሪውን አልለቀቁትም፤ ልክ ውሃው መጥቶ እንዲያነሣቸው የሚጠብቁ ይመስላሉ። ከዒድ ጀምሮ የሰማውን "ከበዓሉ በኋላ" ሁሉ አንድ ላይ አስታወሰውና በራሱም በዋይፋዩም ተናደደ። እጁን ሰደደና የባትሪውን ሽቦ ነቀለው።

አንገቶች አንድ በአንድ ቀና አሉ።

"ዋይፋዩ ምን ሆነ?"

"ሞተ" አለ ካሣዬ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለማውራት ጊዜ አይፈጅም፣ እነሱም ጊዜ አልፈጁምና። እያጉረመረሙ፣ እየተጋፉ፣ ጫማቸው ጭቃ እየዋጠው ወረዱ። ጀልባዋ ትንሽ ተንፏቀቀች፣ ቆመች። አደር ጃማ ዞረው ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ፣ በተለይም ንግዱ ያደለበውን ወገቡን አዩት።

"አንተም" አሉት።

"አቦ፣ እኔ እኮ ነኝ ያመጣኋት!"

"አውቃለሁ። ባረኩህ። ውረድ።"

ኸሊፍ ትሪውን እንደያዘ ወረደ። ካሣዬም ሽቦውን እንደጨበጠ ዘሎ ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገባ። ያኔ ጀልባዋ አንዴ ተንቀጠቀጠች፣ ከሥሯ ውሃ ገባ፣ ተነሣች።

ሽማግሌው ወደ ኩሬው መሐል ወሰዷት። ነፋሱን በጉንጫቸው ለካ አድርገው መሪውን ቀስ ብለው ጠመዘዙ። አንድ ዙር ዞሩ። ይመለሳሉ ሲባል ሌላ ጀመሩ፣ ደግሞ ሌላ። ዳር የቆመው ወጣት የሚያየው ነገር ስላጣ ውሃውን ያይ ጀመር። ኢቅራ "ለካ ትሄዳለች" አለች።

ኸሊፍ በእጅጌው ዓይኑን ጠረገ። ቢሆንም ነጋዴ ነውና ትንሽ ቆይቶ ወደ ጓደኛው ጠጋ አለ።

"ዋርያ ካሣዬ፣ ዋይፋዩን መቼ ትሠራልኛለህ?"

ካሣዬ ሽቦውን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

"በርጫ ላይ እንነጋገርበታለን" አለው።